ዜሮ ላይ የቆመው ሬዲዮ

አቶ ሞገስ ሞተው በተቀመጡበት የጭሮ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰላምታ ሲሰጣቸው ዋለ።

ነጭ መኪናቸው ወደ መሰላ በሚያወጣው ዳገት ጫፍ፣ ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት ሰፊ ጥግ ላይ ቆማለች። እሳቸው ከመሪው ኋላ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ተቀምጠዋል። ቦታውም አቀማመጡም ልማዳቸው ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ እዚያ ይወጡና ሞተር አጥፍተው ሬዲዮ ይሰማሉ። ረቡዕ ዕለት ጫት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች «እንቅልፍ ወሰዳቸው» እያሉ አለፉ። አንድ አህያ ነጂ እጁን አንሥቶ ሰላም አላቸው፤ መልስ ሲያጣ «ሀብት ሲመጣ እንዲህ ነው» ብሎ ተቀይሞ ሄደ። ሐሙስ ማለዳ ከሴቶቹ አንዷ ያው መኪና፣ ያው ሰው፣ ያው አንገት መሆኑን አየችና መስታወቱን አንኳኳች። ቀጥሎ የተሰማው ጩኸቷ ነው።

ኢንስፔክተር ሎሚ ጉርሜሳ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቦኬ ገባች፤ ጫማዋ አቧራ፣ ኪሷ ለውዝ ሞልቶ። ሰው ሲያወራት ለውዝ ትፈለፍላለች። ይህን ንቀት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ አንዳንዴም ልክ ናቸው።

«ጉዳዩ አልቋል» አላት ኮማንደር በድሪ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«ካለቀ ከቦኬ ድረስ ምን አስጠራኝ?»

«መርማሪዋ አንቺ ነሽ፤ ፊርማሽ ይፈለጋል። አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ልጅቷም ወደ ማረሚያ ቤት።»

ልጅቷ ትዕምርት ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በአቶ ሞገስ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦርደዴ ላይ ሰርጓ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሟቹ መኪና ውስጥ ስትገባ የሱቁ ጎረቤት ከሊል አይቷታል። ከዚያ ወዲህ ሟቹን በሕይወት አየሁ የሚል ጠፋ። ሐኪሙም ከራስ ቅላቸው በስተኋላ ተመትተው ረቡዕ ረፋድ ላይ መሞታቸውን ጽፏል።

«ዳገቱ ላይ ይዟት ወጣ» አለ ኮማንደሩ። «ሊነካት ሞከረ፤ በድንጋይ መታችው። ድንጋዩም ተገኝቷል፣ ከኋላ ጎማው ሥር።»

«ደም አለበት?»

«ጠርጋው ይሆናል።»

«ሰው ገደለች፤ ድንጋዩን ጠረገች፤ ከዚያ ተመልሳ ጎማ አስደገፈችበት። ምን ዓይነት ባለሙያ ናት እባክዎ!»

ኮማንደሩ አልሳቀም። «አሥር ሰዓት» አለ።

ትዕምርት በጣቢያው ጠባብ ክፍል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች።

«ከመኪናው የት ወረድሽ?»

«ጸሎት ቤታችን በር ላይ። ስለ ሰርጌ ልጸልይ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻዬን ቆየሁ።»

«ማን አየሽ?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱን እኔም አምነዋለሁ። ቃል ለመስጠት ግን ጣቢያ አይመጣልኝም።»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ቃጣትና ፊቷ ተጨማደደ። «የእጮኛዬ የኤልያቄም እናት ደውለው ነበር አሉኝ። ‹ከሽማግሌ ጋር መኪና ውስጥ የነበረችው እሷ ናት ወይ?› ብለው ጠየቁ። ገዳይ መባሉን እንኳ ችዬው ነበር፤ ይሄኛውን ግን እንዴት ልቻለው?»

«ስምሽን ከፈለግሽ አፍሽን ክፈቺ። መንገድ ላይ ምን አወራችሁ?»

«ለማንም እንዳትናገሪ ብለውኛል።»

«አሁን አይቆጡሽም።»

ትዕምርት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «መሰላ የሚከፍቱትን ሱቅ ለእኔና ለኤልያቄም እንደሚያስረክቡን ነገሩኝ። ‹እስክነግራቸው ዝም በይ፤ ዛሬ ሦስት ሰው አስቀይማለሁ› አሉ። እየሳቁ ነበር።»

«ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«የእህታቸው ልጅ በርናባስ፤ ሱቁን ለራሱ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ ከሊል፤ የመሰላውን ቤት ሊከራዩት ይፈልጉ ነበር። ጂብሪል ደግሞ… ዕቃ መጫኛው አይሱዙ ሊሸጥ ነው፤ ሾፌሩ እሱ ነው።»

ሎሚ አንድ ለውዝ ሰበረች። ሁለት ፍሬ ወጣ፤ አንዱን ለልጅቷ ሰጠቻት።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማለች። ያመጣት ኮንስታብል ጀብዱ እንደሠራ ሰው ተረከላት። «ባትሪዋ ሙት ነው! ቁልፍ የሚዞርባት አይደለችም መቼም፤ ሪሞቱ ከሟቹ ኪስ ነበር፤ የማስነሻ በተኑን ብንጫን፣ ብንጫን፣ ጭጭ። ድንጋዩን በእግሬ ገፋሁት፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅን፤ ሦስት ሆነን ገፋ አድርገን መንገድ አስያዝናት። ከዚያ በገመድ ጎተትናት።»

«ማርሹን ነካችሁት?»

«ኧረ ምንም! እንደ ጋሪ ነው የሄደችልን።»

«እንደ ጋሪ» ብላ ደገመችለት ሎሚ፤ በሩንም ከፍታ ገባች። የወንበሩ ራስ መደገፊያ ንጹሕ ነው፤ የደም ነጠብጣብ እንኳ አልነበረበትም። ሰውየው የተመቱት እዚህ አይደለም።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሳህሊቱ ከሴቶቹ ተለይተው ጥግ ይዘዋል። ሎሚ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ አጽናናቻቸው፤ ከዚያ ስለ ሬዲዮው ጠየቀቻቸው።

«ሬዲዮ?» አሉ ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው። «ጎረቤት እስኪያማርር ነው የሚከፍተው። የግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።»

«መኪናውን ሲያቆሙ ድንጋይ ያስደግፋሉ?»

«ሞጌ? ሱሪው እንዳይቆሽሽ ጫማውን እንኳ አጎንብሶ አያስርም። ‹ማርሹን ፒ ላይ ካደረግኩ ጋራ ላይ ብትሆን ንቅንቅ አትልም› ይል ነበር።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን ልጅ እኔ ነኝ ከሱቅ ወደ ቤት ያቀረብኳት። እውነት ከእሱ ጋር…? አንቺ ሴት ነሽ፤ አትደብቂኝ።»

«የማላውቀውን አልነግርዎትም» አለች ሎሚ። «እርስዎም የማያውቁትን አይመኑ።»

ሳህሊቱ ፊታቸውን አዞሩ። አምነው ነበርና።

ጂብሪል ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ አይሱዙውን ይዞ ጣቢያ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ እጁ ግሪስ የማይለቀው ሰው ነው። የመኪናዋን ባትሪ ከአይሱዙው ጋር በገመድ አገናኝቶ እስኪሞላ ጠበቀ።

«ያን ዕለት ረፋድ የት ነበርክ?»

«ጋራዥ። አይሱዙው ተፈታትቶ ነበር። ዕቃ ፍለጋ ወጣሁ፣ ገባሁ። አንቺ ምስክር ካልሽኝ የለኝም፤ ወላሂ።»

«ይህችን መኪና ታውቃታለህ?»

«ከአዲስ አበባ ያመጣኋት እኔ፣ ጋሽ ሞገስን ያስተማርኩ እኔ፤ አላህ ይርሐማቸው። ግቢ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ ግቢ እህቴ። እግርሽን ከፍሬኑ አንሺ። አሁን አንዴ ብቻ ተጫኚ።»

ሎሚ ተጫነች። ሞተሩ ዝም እንዳለ የሬዲዮው ስክሪን በራ።

«አክሰሰሪ ይሉታል። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፤ ሬዲዮና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ብቻ። ጋሽ ሞገስ ከመኪናዋ የወደዱት ይህን ነው። ሌላው ለእሳቸው ትርፍ ነበር።»

«ፍሬን ብረግጥስ?»

«እየረገጥሽ ከተጫንሽ ሞተሩ ይነሣል።»

«በአክሰሰሪ ሲቆዩ ባትሪው አያልቅም?»

«ፒ ላይ ከሆነች አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታ ራሷ ታጠፋዋለች። እሳቸው ‹ዜናዬን ቆረጠችብኝ!› ብለው ይሰድቧታል፤ ደግመው ይጫናሉ።»

«ፒ ላይ ካልሆነችስ?»

ጂብሪል አሳያት። ያሳያትንም ለማንም እንዳይተነፍስ አስጠነቀቀችው። ከዚያ ስክሪኑን አየችና ጎንበስ አለች። ሬዲዮው በርቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ጥጉ ላይ ዜሮ ቁጥር ተቀምጧል።

«ነካኸው?»

«እጄም አልደረሰ!»

ማዞሪያውን አዞረችው፤ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። ሠላሳ ላይ ስትደርስ ጂብሪል ጆሮውን ያዘ። «በቃ! እሳቸው የሚሰሙት እዚህ ላይ ነው።»

«አንተስ ስታቆም ድንጋይ ታስደግፋለህ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! እዚህ አገር ድንጋይ የማያስደግፍ ሾፌር ወይ ሰነፍ ነው ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።»

መኪናዋን ከግቢው በር ላይ እንዲያቆማት አዘዘችውና ወደ መጋዘኑ ወረደች።

መጋዘኑ ከሱቆቹ ጀርባ ነው፤ በኋላ በኩል መኪና የሚያስገባ በር አለው። ከሊል ግማሹን ተከራይቷል፤ ጂብሪል ዕቃ ሊጭን ይገባል፤ በርናባስ ውሎው እዚያው ነው። ከሊል ቀጭን፣ ወሬው የማያልቅበት የሥልጤ ነጋዴ ሲሆን ገና ከሩቅ ጀመረ። «እኔ ያየሁትን ነው ያልኩት፣ ኢንስፔክተር! ልጅቷ ገባች፣ ሄዱ። በኋላ በር ቢመለስ አላይም፤ አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

በርናባስ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ጥላ ውስጥም አያወልቅም። «አጎቴን ሴት ነች የጨረሰችው» አለ። «ሌላ ምን ትመረምሪያለሽ?»

«አንተ የት እንደነበርክ።»

«እዚሁ። ብሎኬት ስደረድር። ብቻዬን።»

ሎሚ ከተደረደረው ብሎኬት አጠገብ ቆማ ወለሉን በጫማዋ ነካችው። ዙሪያው ልል አቧራ ነው፤ አንድ ትሪ የሚያክል ቦታ ግን ነጭና ደረቅ ሆኖ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል።

«ጄሶ ነው» አለ ከሊል። «ፈሰሰና ዝናብ ነካው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ለሞገስ ስንቴ ነገርኩት!»

ከዘነበ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሎሚ በቢላዋ ከጥጉ ሁለት ቁራጭ ፈንቅላ በወረቀት ጠቀለለችና ሁለቱንም ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቢያ እንዲመጡ ነገረቻቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ኮማንደሩ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ። ሳህሊቱ በጥቁር ልብሳቸው መጡ። ትዕምርት በሁለት ፖሊስ መሀል ስትወጣ ሳህሊቱ አላዩአትም፤ ልጅቷ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየችም።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች ሎሚ፣ «የዐቃቤ ሕግ መኪና ሊገባ ነው፤ ይህችኛዋ ደግሞ በሩን ዘግታለች። ጋሽ ከሊል፣ ጠጋ ያደርጉልኛል? ያችን ድንጋይ ኮንስታብሉ ያነሣልዎታል።»

ከሊል የተሰጠውን ሪሞት ይዞ ገባና በተኑን ተጫነ። ሬዲዮው ሠላሳ ላይ ነበርና ግቢው ተናወጠ። ሳህሊቱ የባላቸውን ሬዲዮ ሲሰሙ አፋቸውን ያዙ። ከሊል ደግሞ ሲጫን ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት በሙሉ በራ። ሦስተኛ ሲጫን ሁሉም ጠፋ።

«ምን ዓይነት ጂኒ ናት!» ብሎ ወረደ።

በርናባስ ሳቀ። «ጋሽ ከሊል፣ ፍሬኑን ሳይረግጡ እስከ ረመዳን ቢጫኑ አትነሣም! አምጡት እስቲ።»

«ትችላለህ?» አለች ሎሚ ለውዟን እየፈለፈለች። «ሾፌሩን ልጠራ ብዬ ነበር።»

«ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ እኔ የማልነዳው መኪና አለ?»

ገባ፤ ረገጠ፤ ተጫነ፤ ሞተሩ ተነሣ። ወደ ኋላ መልሶ፣ አዙሮ ዛፉ ሥር ተዳፋቱ ላይ አቆማት። ማርሹን ፍሪ አደረገ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በተኑን ተጫነ። ሞተሩ ጠፋ። ሬዲዮው አልጠፋም። ደግሞ ተጫነ፤ መብራቶች በሩ። ደግሞ ተጫነ፤ መብራቶቹ ሲጠፉ ሬዲዮው መጮኹን ቀጠለ። በርናባስ ምላሱን ጠቅ አደረገና፣ ከዚህ ቀደም እንደለመደው ሁሉ፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ግቢው ጭጭ አለ። ከዚያ ወርዶ ድንጋይ አነሣ፣ ከኋላ ጎማው ሥር አስደገፈ፣ እጁን አራግፎ መጣ።

«ያ ረቢ!» አለ ጂብሪል፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተቀመጥ፣ በርናባስ» አለች ሎሚ። «ኮማንደር፣ የረቡዕን ሥራ አሁን በዓይንዎ አዩት።»

«ምኑን ነው ያየሁት?»

«አንድ በአንድ ልንገርዎ። ፖሊሶቹ መኪናዋን እንደ ጋሪ ገፍተዋታል። አቶ ሞገስ ቢያቆሟት ኖሮ ፒ ላይ ትሆን ነበር፤ ፒ ላይ ያለች መኪና ደግሞ ሦስት ፖሊስ ቢገፋት አትሽከረከርም። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ያቆማት ሌላ ሰው ነው። ትዕምርት መንዳት አትችልም።»

ትዕምርት ቀና አለች።

«ሁለተኛ፣ ባትሪው። አክሰሰሪ ፒ ላይ ሲሆን በሰዓቱ ራሱ ይጠፋል፤ ሰውየው በዚህ ይናደዱ ነበር። ማርሹ ፍሪ ከሆነ ግን መኪናዋ ሞተሯን እንጂ ራሷን አታጠፋም። ባትሪዋ እስኪሞት አክሰሰሪ ላይ ትቀራለች። አሁን ዛፉ ሥር እንዳለችው ማለት ነው፤ ሄደው ስክሪኑን ይዩ፣ እንደበራ ነው።»

ኮማንደሩ ሄዶ አየ። ሲመለስ ሰዓቱን ማየት ትቶ ነበር።

«ሦስተኛ፣ ድምፁ። ግራ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው በዜሮ ድምፅ ምን ያዳምጣሉ? ገዳዩ ሬዲዮውን ሊያጠፋ ሞክሮ እምቢ አለው። ሲጮህ ሰው እንዳይጠራበት አፈነው። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ያለፈ ሁሉ ተኝተዋል ያለው።»

«ድንጋይ የማያስደግፍ ማን አለ?» ብሎ ጮኸ በርናባስ። «ጂብሪል አያስደግፍም?»

«ያስደግፋል። ዛሬ በሩ ላይ ሲያቆማትም አስደግፏል፤ ግን አስቀድሞ ፒ ላይ አድርጎ ነው፣ ስለሚያውቃት። ጋሽ ከሊል ማስነሣትም አይችሉም። አንተ ግን አጎትህ ሲያስነሡ አይተሃል፤ ሲያቆሙ አላስተዋልክም። አይሱዙ ላይ የለመድከውን እዚህ አመጣኸው። ፍሪ፣ የእጅ ፍሬን፣ ድንጋይ። ስሕተትህን ሊነግርህ የሚችል ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ነበር፤ ግን ሞቷል።»

ሎሚ ወረቀቱን ፈታችና የጄሶውን ቁራጭ እንደ ለውዝ በሁለት እጇ ሰበረችው። ውስጡ ቀይ ዳማ ነው።

«አጎትህ በኋላ በር ወደ መጋዘኑ ተመልሰው እዚያ ሞቱ፤ ደሙ ላይ ጄሶ ነሰነስክ። ከዚያ ቸኮልክና በውሃ ልታጥበው ሞከርክ። ዕድሜህን ሙሉ ጄሶ ሸጠህ፣ ውሃ ሲነካው ድንጋይ እንደሚሆን በዚያች ሰዓት ጠፋህ። ሐኪም ቤት ልከነዋል፤ ሌላውን ቁራጭ።»

በርናባስ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ እንቅልፍ ካዩ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሲሚንቶ ተሸከምኩለት። እየሳቀ ‹ለትዕምርት ሰጥቻታለሁ› አለኝ። እየሳቀ! ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም… የብሎኬቱ ጠርዝ ነው።»

«መግፋቱ ያንድ አፍታ ነገር ነው» አለች ሎሚ። «ይህች ልጅ በአንተ ፈንታ ስትታሰር፣ ስሟም ሲቆሽሽ ግን ከትናንት ጀምሮ ቁጭ ብለህ አይተሃል። ለእሱ ብሎኬት አታምጣልኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ሄደ፤ የተጻፈበት ስም ግን ሌላ ነበር። ግቢው ሲበተን ትዕምርት ወዴት እንደምትሄድ ያላወቀች ይመስል ቆማ ቀረች። ሳህሊቱ ቀስ ብለው ፊቷ ቆሙ።

«አምኜባችሁ ነበር» አሉ። «በሱም፣ በአንቺም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ድንኳን ውስጥ ሆነው ስሜን እንዳልጠሩ ሰማሁ። ይህ ነው የከበደኝ።»

ሴትዮዋ ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈልገው አጡት፤ እጇን ይዘው ወደ መኪናዋ ወሰዷት። ጂብሪል ቀድሞ ማርሹን ፒ ላይ አስገብቶ፣ መኪናዋን አጥፍቶ፣ ሪሞቱን ለሳህሊቱ አስረክቦ ነበር። እሳቸው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፤ ትዕምርት ከጎናቸው።

«ስልክ ስጪኝ» አሉ። «የኤልያቄምን እናት። የሟቹ ሚስት ሆኜ እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ነገሯቸው። በመጀመሪያ ቁጣ፣ ከዚያ ማስረዳት፣ ከዚያ ከወዲያኛው በኩል ልቅሶ ነበር፤ በመጨረሻ «ልጄን አቅርቢልኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ትዕምርት ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ስልኩ ሲዘጋ ሳህሊቱ እግራቸውን አንቀሳቀሱ።

«ፍሬኑን አይርገጡት፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። «እንዲሁ ይጫኑት።»

ተጫኑት። ማዞሪያውንም እስከ ሠላሳ አዞሩት። ዜናው ግቢውን ሞላው፤ ኮማንደሩ ከቢሮው ወጥቶ ሊቆጣ ሲል ሎሚ በእጇ መለሰችው። ሁለቱ ሴቶች አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ተቀምጠው ሰሙ፤ ዜና፣ ማስታወቂያ፣ ዘፈን፣ እንደገና ዜና።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ፣ መኪናዋ ራሷ አጠፋችው።

«ይኸው» አሉ ሳህሊቱ፤ «ዜናውን ቆረጠችበት።» ከዚያ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።